መምህራን ቀላል የድረ ገጽ መገልገያዎችን እንዲለምዱ ምን ይደረግ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ ናቸው። ይኸውም በማንኛውም ስልክ ወይም ኮምፒዩተር የሚከፈቱና ምንም ፕሮግራም መጫን የማይጠይቁ ቀላል የድረ ገጽ መገልገያዎች በትምህርት ቤት እንዴት ሥራ ላይ ሊውሉ ይችላሉ የሚለው ነው። ለመጀመሪያው ደብዳቤ ሰፋ ያለ ቦታ የሰጠነው ለሌሎቹ መሠረት ስለሚሆን ነው።

ጥያቄ፦ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህር ነኝ። መምህራን የፈተና ማዘጋጃ ቅጾችን፣ በጋራ የሚጻፍባቸውን ሰነዶች፣ የሳይንስ ማሳያዎችንና ሌሎችንም የድረ ገጽ መገልገያዎች እንዲጠቀሙ በማሰብ አንድ ሙሉ ቀን የፈጀ ሥልጠና አዘጋጅተን ነበር። መምህራኑ ሥልጠናውን እንደ ወደዱት በጽሑፍ በሰጡን አስተያየት ገልጸውልናል። ይሁንና ጥቂት ሳምንታት ቆይተን ስንመለከት ከአንዳንዶቹ በስተቀር ሁሉም ወደ ቀድሞ አሠራራቸው ተመልሰዋል። ችግሩ የፍላጎት ማጣት ነው ወይስ የእኛ አካሄድ? እያንዳንዱ መምህር በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲጠቀም የሚያስገድድ መመሪያ ብናወጣስ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ ከሁሉ አስቀድሞ መምህራኑ ወደ ቀድሞ አሠራራቸው መመለሳቸውን በስንፍና ወይም በእምቢተኝነት ባይተረጉሙት እመርጣለሁ። መምህር ክፍል ሲገባ የክፍለ ጊዜው ደቂቃዎች የተቆጠሩ ናቸው፤ የሚያስተምረው ርእስም በዓመቱ ዕቅድ ተወስኗል። የለመደው ዘዴ ጉድለት ቢኖርበት እንኳ ምን ላይ እንደሚያደርሰው አስቀድሞ ያውቀዋል። አዲሱን መገልገያ ይዞ ሲገባ ግን ገጹ አልከፈት ቢል፣ የይለፍ ቃሉ ቢጠፋው ወይም ተማሪዎቹ ሊንኩን አስተካክለው መጻፍ ቢያቅታቸው የሚባክነው የእርሱ ክፍለ ጊዜ ነው፤ በተማሪዎቹ ፊት የሚሸማቀቀውም እርሱ ነው። ይህን ሁሉ ስጋት ተቀብሎ እንዲሞክር የሚያደርግ በቂ ጥቅም አሳይተነዋል ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ፍሬድ ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች አንድን የኮምፒዩተር መገልገያ ለመቀበል ሲወስኑ ሁለት ነገሮችን እንደሚመዝኑ አሳይቷል። አንደኛው «ለሥራዬ ይጠቅመኛል ወይ?» የሚለው ሲሆን ሁለተኛው «ያለ ብዙ ድካም ልሠራበት እችላለሁ ወይ?» የሚለው ነው። በጥናቱ ከሁለቱ መካከል መገልገያውን በተግባር ከመጠቀም ጋር ይበልጥ ተሳስሮ የተገኘው የመጀመሪያው ነው። ሰው ለሥራው በእርግጥ የሚጠቅመውን መገልገያ አስቸጋሪ ቢሆንም ታግሦ ይለምደዋል፤ የማይጠቅመውን ግን የቱንም ያህል ቀላል ቢሆን ይተወዋል። የአንድ ቀን ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው ቀላልነቱን ብቻ ነው። አሠልጣኙ ብዙ መገልገያዎችን አከታትሎ ይከፍታል፣ ተሳታፊው «እንዴት ያምራል!» ይላል፣ ነገር ግን ሰኞ ጠዋት የሚጠብቀውን የራሱን ሥራ የትኛው እንደሚያቃልልለት ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ መገልገያ ከማሳየታችሁ በፊት መምህራኑን አንድ ጥያቄ ብትጠይቋቸው መልካም ነው፦ «ከሥራችሁ መካከል ጊዜያችሁን የሚበላውና የድካሙን ያህል ለተማሪው የማይጠቅመው የትኛው ነው?» የሚሰጡት መልስ ከትምህርት ክፍል ትምህርት ክፍል ሊለያይ ይችላል፤ ሆኖም የአጫጭር ፈተናዎች እርማት፣ የማርክ ምዝገባና «ማን ገብቶታል፣ ማን አልገባውም?» የሚለውን በጊዜው አለማወቅ ከሚነሡት መካከል እንደሚሆኑ እገምታለሁ። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይምረጡና ለእርሱ የሚሆን አንድ መገልገያ ብቻ ያቅርቡ።

ምሳሌ ላቅርብ። የተመረጠው ችግር እርማት ነው እንበል፤ መገልገያውም የመጠይቅና የፈተና ቅጽ ማዘጋጃው ጎግል ፎርምስ ይሁን። መምህሯ በዕለቱ ያስተማረችውን የሚፈትሹ ዐምስት የምርጫ ጥያቄዎች ትጽፋለች፤ በቅንብሩ ውስጥ ቅጹን ወደ ፈተና የሚለውጠውን አማራጭ ታበራለች፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ትክክለኛውን መልስና ነጥቡን ትሞላለች፤ ከዚያም ሊንኩን ለተማሪዎቹ ትልካለች። ተማሪዎቹ መልሰው እንደ ጨረሱ እርማቱ ተጠናቋል፤ ማርኩም በሠንጠረዥ ተመዝግቧል። ከእርማቱ ይልቅ እኔ ትልቅ ዋጋ የምሰጠው ግን የመልሶቹ ማጠቃለያ ገጽ ላይ ለሚታየው ነገር ነው። ገጹ ብዙ ተማሪዎች የሳቱትን ጥያቄ ለይቶ ያሳያል፤ ከሐሰተኞቹ አማራጮች የትኛው ብዙዎችን እንዳሳሳተም በግራፍ ያመለክታል። መምህሯ ሦስተኛውን ጥያቄ ግማሹ ክፍል «ለ» ብሎ እንደ መለሰ ካየች፣ ተማሪዎቹ የትኛው ጽንሰ ሐሳብ ላይ እንደ ተደናገሩ ዐወቀች ማለት ነው፤ የነገው ትምህርትም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ይህን መረጃ ከወረቀት ክምር ላይ ማውጣት አይቻልም ባይባልም ለስንት ክፍል፣ በስንት ሌሊት ይዘለቃል?

አጭር ፈተናን ማዘውተር ለተማሪውም ቢሆን ከማርክ ያለፈ ጥቅም አለው። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎችንና አንድ ጊዜ አንብበው ያስታወሱትን እንዲጽፉ የተደረጉ ተማሪዎችን አነጻጽረዋል። ከዐምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በልጠው ተገኙ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ውጤቱ ተገለበጠና ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። እንግዲህ እርማትን የሚያቃልል መገልገያ መምህሩ ይህን ዘዴ ሳይሰለች ደጋግሞ እንዲጠቀምበት ያስችለዋል፤ ይህን ለመምህራኑ ማስረዳት ስለ ቴክኖሎጂ በጥቅሉ ከመናገር እጅግ ይሻላል።

እዚህ ላይ በአማርኛ ለሚያስተምሩ ሁሉ የሚያስፈልግ ማሳሰቢያ አለ። ምርጫ በሌላቸው የአጭር መልስ ጥያቄዎች ላይ ማሽኑ የሚያርመው የተጻፈውን ቃል ከተሞላው መልስ ጋር ፊደል በፊደል እያመሳከረ ነው። መምህሩ በመልስነት የሞላው «ፀሐይ» ከሆነ «ጸሐይ» ወይም «ፀሀይ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ዜሮ ያገኛል፤ ጥያቄው የሳይንስ ሆኖ ሳለ ተማሪው በፊደል ምርጫው ተቀጣ ማለት ነው። መፍትሔው ሁሉንም አጻጻፎች በትክክለኛ መልስነት ማስገባት ወይም እንዲህ ያለውን ጥያቄ በእጅ ለማረም መተው ነው። ይህን ያልተነገረው መምህር በመጀመሪያው ሙከራው «ማሽኑ አያውቅም» ብሎ ቢተወው አይፈረድበትም፤ ማሳሰቢያውን በሥልጠናው ላይ ያንሡት የምለውም ለዚህ ነው።

ስለ እምነትም አንድ ነገር ልበል። ብዙውን ጊዜ የምንጥረው መምህሩን በመጀመሪያ በንግግር ለማሳመን ነው፤ ካመነ ይሠራል ብለን እናስባለንና። ቶማስ ገስኪ የተባለ የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረበው ሐሳብ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ መሆኑን ያመለክታል፦ መምህሩ በመጀመሪያ አሠራሩን በጥቂቱ ይለውጣል፤ ከዚያ በተማሪዎቹ ውጤት ላይ ለውጥ ያያል፤ እምነቱ የሚለወጠው ይህን ካየ በኋላ ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ስለዚህ ከአዳራሽ ንግግር ይልቅ አንድ ሙከራ በአንድ ክፍል ተሳክቶ እንዲያይ መርዳት ይበልጣል። ብሩስ ጆይስና ቤቨርሊ ሻወርስ የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ እንዳስገነዘቡት፣ መምህር በሥልጠና ያየውን ወደ ክፍሉ ይዞት እንዲገባ ማብራሪያና ሠርቶ ማሳያ ብቻቸውን አይበቁም፤ በሥራው ላይ ሳለ ከጎኑ ሆኖ የሚያግዘው ባልደረባ ያስፈልገዋል። ቀደም ብለው ከለመዱት ጥቂት መምህራን አንዱ፣ ጀማሪው መምህር ለመጀመሪያ ጊዜ በሚሞክርበት ክፍለ ጊዜ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ቢገኝና ሲቸገር ብድግ ብሎ ቢረዳው ሙሉ ቀን ከፈጀው ሥልጠና የተሻለ ፍሬ ያስገኛል የሚል እምነት አለኝ።

አስገዳጅ መመሪያውን በተመለከተ አሳቤ ግልጽ ነው፤ ባታወጡት ይሻላል። «በሳምንት አንድ ጊዜ» የሚል መመሪያ ሲወጣ መምህሩ የሚያስበው ለትምህርቱ የሚጠቅመውን ሳይሆን ለሪፖርቱ የሚሞላውን ነው፤ ያለ ዓላማ የተከፈተ ገጽም መመሪያውን ያሟላል። የኃላፊነት ሥልጣናችሁን ለሌላ ነገር ብትጠቀሙበት እመክራለሁ። ሁለት መምህራን አብረው የሚዘጋጁበት አንድ ክፍት ክፍለ ጊዜ በፕሮግራማቸው ውስጥ ማመቻቸት የምትችሉት እናንተ ናችሁ። በድረ ገጽ የተመዘገበውን ማርክ መምህሩ እንደገና በወረቀት እንዲገለብጥ የሚያስገድደውን አሠራር ማስቀረት የምትችሉትም እናንተ ናችሁ፤ ይህ ድርብ ሥራ እስካለ ድረስ መገልገያው ሸክም ጨመረ እንጂ አላቃለለም። የመጀመሪያው ሙከራ ቢበላሽ በሥራ አፈጻጸም ግምገማ ላይ እንደማይያዝበትም በግልጽ ንገሩት።

ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲጀምር መጠበቅም አያስፈልግም። ኤቨረት ሮጀርስ አዳዲስ አሠራሮች በሕዝብ መካከል እንዴት እንደሚሠራጩ ባጠናበት ሥራው እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ እንዳስተማረው፣ ቀድመው የሚጀምሩት ጥቂቶች ሲሆኑ አብዛኛው ሰው የሚከተለው የእነርሱን ውጤት አይቶ ነው፤ አንድ አዲስ ነገር በቶሎ የሚለመደውም በትንሹ ሊሞከር ሲችልና ውጤቱ ለሌሎች ዓይን ሲታይ ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚጠቀሙትን እነዚያን «አንዳንዶቹን» እንደ ውድቀት ምልክት አይቁጠሯቸው። በመምህራን ስብሰባ ላይ አንዷ መምህርት የተማሪዎቿን የመልስ ግራፍ አሳይታ «ይህን ካየሁ በኋላ ትምህርቱን እንዲህ አድርጌ ደገምሁት» ብላ ጥቂት ደቂቃ ብትናገር፣ ከኃላፊ ከሚመጣ ማሳሰቢያ ይልቅ ባልደረቦቿን ታነሣሣለች።

ጥያቄ፦ ፊዚክስ ለረጅም ዓመታት ያስተማርሁ መምህር ነኝ። በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ ያስተማርኋቸው ልጆች ጥሩ ውጤት አምጥተዋል፤ ዛሬ ለምን መለወጥ እንዳለብኝ አልገባኝም። በዚያ ላይ ተማሪዎቼ በስልክና በኮምፒዩተር ከእኔ ይልቃሉ፤ በፊታቸው ስደናበር መታየት አልፈልግም።

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ጠመኔውን ይጣሉት የሚልዎ ሰው ካለ እኔ ከእርሱ ጋር አልስማማም። ጥሩ ማብራሪያ፣ ጥሩ ጥያቄና የተማሪን መልስ በትዕግሥት ማድመጥ በምንም ገጽ የማይተኩ ናቸው። መጠየቅ ያለብን ጥቁር ሰሌዳ ሊያሳየው የማይችለው ነገር በትምህርትዎ ውስጥ አለ ወይ ተብሎ ነው፤ በፊዚክስ ደግሞ መኖሩን ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል።

በተከታታይ የተያያዙ ሁለት አምፖሎች ያሉበትን የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ይውሰዱ። ብዙ ተማሪዎች የመጀመሪያው አምፖል ከኤሌክትሪክ ፍሰቱ ከፊሉን ስለሚጨርሰው ሁለተኛው ደብዝዞ ይበራል ብለው ያስባሉ። ፍሰቱ በሁለቱም እኩል መሆኑን በሰሌዳ ላይ ቢጽፉላቸው ይገለብጡታል፤ በልባቸው ያለው ግንዛቤ ግን ባለበት ይቀራል። ፌት (PhET) የተባለው የሳይንስ ማሳያዎች ስብስብ ለዚህ ዓይነቱ ችግር የተሠራ ነው። በፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ካርል ዊማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመው ፕሮጀክት ሲሆን ማሳያዎቹን ያለ ክፍያ ማንም ሊጠቀምባቸው ይችላል። በሰርኪዩት ማሳያው ላይ ባትሪውን፣ ሽቦውንና አምፖሎቹን እየጎተቱ ያገናኟቸዋል፤ ኤሌክትሮኖቹ በሽቦው ውስጥ ሲጓዙ ይታያሉ፤ የፍሰት መለኪያውን (አምሜትሩን) ከመጀመሪያው አምፖል በፊት፣ በሁለቱ መካከልና ከሁለተኛው በኋላ ቢያኖሩት ሦስቱም ቦታ አንድ ዓይነት ቁጥር ይነበባል።

ማሳያውን ከመክፈትዎ በፊት ግን ተማሪዎቹ ግምታቸውን ከነምክንያቱ በደብተራቸው እንዲጽፉ ያድርጉ፤ ይህ እርምጃ ከተዘለለ ማሳያው የሚያምር ሥዕል ሆኖ ይቀራል። ግምቱን የጻፈ ተማሪ ግን ቁጥሩን ሲያይ ከራሱ ጋር መሟገት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የእርስዎ የዓመታት ልምድ የሚያስፈልግበት ሰዓት ደረሰ። የትኛውን ጥያቄ አስከትለው እንደሚጠይቁ፣ መቼ ዝም እንደሚሉ፣ የትኛው ተማሪ እንዲናገር እንደሚጋብዙ ማሽኑ አያውቅም። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር ብቻ ነው።

በተማሪዎች ፊት ስለ መደናበር ያነሡት ስጋት ተገቢ ነው፤ ሊቃለልም ይችላል። ማሳያውን አስቀድመው ብቻዎን ሆነው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሞክሩት፤ በክፍልም እዚያው የሞከሩትን ብቻ ያሳዩ። ኮምፒዩተሩን አንድ ተማሪ እንዲያንቀሳቅሰው ያድርጉና እርስዎ ከተማሪዎቹ ጋር ሆነው ጥያቄውን ይምሩ። ልጆቹ በጣታቸው ፍጥነት ይበልጡን ይሆናል፤ በሚያዩት ነገር ምን ማሰብ እንዳለባቸው ግን ገና ከእርስዎ ይማራሉ፤ መምህር ሥልጣኑን ያገኘው ከዚህ ነውና አይነካም።

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤታችን ኢንተርኔት ይቆራረጣል። ስልክ ያላቸው ተማሪዎች አሉ፤ የሌላቸው ደግሞ ይበዛሉ። እንዲህ ባለ ሁኔታ ስለ ድረ ገጽ መገልገያ ማውራት ቅንጦት አይሆንም?

መልስ፦ ቅንጦት የሚሆነው መገልገያውን የመረጥነው እያንዳንዱ ተማሪ መሣሪያና መስመር አለው ብለን ከሆነ ነው። እንዲህ ያለ ግምት የማይጠይቁ መገልገያዎች አሉ። ከላይ የተጠቀሱትን የፌት ማሳያዎች መስመር ባለበት ቦታ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መጠቀም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ኪዊክስ ደግሞ ዊኪፔዲያን በሙሉ ወይም በከፊል በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ላይ አስቀምጦ ያለ መስመር ለማንበብ ያስችላል፤ አንድ ጊዜ የወረደውን ፋይል በፍላሽ እያስተላለፉ ለሁሉም መምህራን ማዳረስ ይቻላል።

የተማሪዎችን መልስ በአንድ ጊዜ ለማወቅ የሚፈልግ መምህር ፕሊከርስን ሊሞክር ይችላል። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ተማሪ የሚይዘው የታተመ የወረቀት ካርድ ብቻ ነው። በካርዱ ላይ ያለው ምልክት ከተማሪ ተማሪ ይለያያል፤ ተማሪው ከአራቱ አማራጮች የመረጠው ወደ ላይ እንዲሆን አድርጎ ካርዱን ያነሣል፤ መምህሩም በራሱ ስልክ ካሜራ ክፍሉን ሲቃኝ ማን ምን እንደ መለሰ ይመዘገባል። ምልክቱን በዓይን ብቻ ማንበብ ስለሚያዳግት ተማሪው የጎረቤቱን መልስ ለመኮረጅ አይመቸውም፤ ተሳሳትሁ ብሎ የሚያፍር ልጅም በነጻነት ይመልሳል።

በዚህ ላይ ኤሪክ ማዙር የተባለው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የሠራበትን ዘዴ ቢጨምሩበት የተሻለ ይሆናል። መምህሩ ጥያቄውን ያቀርባል፣ ተማሪው ብቻውን አስቦ ይመልሳል፣ ከዚያ የመልሱ ውጤት ሳይነገር አጠገቡ ካለው ጋር ይወያያል፣ በመጨረሻም ሁሉም እንደገና ይመልሳሉ። ጥያቄውን ከመጀመሪያው ሁሉም ከመለሱት ወይም ሁሉም ከሳቱት ውይይቱ ፍሬ አይኖረውም፤ ክፍሉ የተከፋፈለበት ጥያቄ ነው የሚጠቅመው። መስመሩም ስልኩም ባይኖር ይህን በእጅ ማውጣት ብቻ ማካሄድ እንደሚቻል ልብ ይበሉ።

አንድ ነገር አጥብቄ እቃወማለሁ። ስልክ የሌለው ተማሪ ባለበት ክፍል በድረ ገጽ ብቻ የሚሠራና ማርክ የሚያዝበት የቤት ሥራ መሰጠት የለበትም። በክፍል ውስጥ ተማሪዎችን በቡድን አድርጎ በአንድ ስልክ ማሠራት ይቻላል፤ በቤት ሥራ ላይ ግን ልዩነቱ ተማሪው ባላጠፋው ጥፋት ማርክ ሆኖ ይመዘገብበታል።

ጥያቄ፦ የልጆቻችን ስምና ውጤት በማናውቀው ድርጅት ኮምፒዩተር ላይ መቀመጡ ያሳስበኛል። መምህራን ምን ጥንቃቄ ያድርጉ?

መልስ፦ ስጋትዎ ትክክል ነው፤ የመምህራን ሥልጠና አካል ሊሆንም ይገባል። ዋናው ጥንቃቄ ለትምህርቱ የማያስፈልግን መረጃ ከመጀመሪያው አለመጠየቅ ነው። ለአጭር ፈተና የተማሪው የመዝገብ ቁጥር ይበቃል፤ ሙሉ ስም፣ የወላጅ ስልክና የትውልድ ቀን በቅጹ ላይ የሚሞሉበት ምክንያት የለም። ተማሪው አካውንት እንዲከፍት የማይጠይቅ መገልገያ ካለ እርሱ ይመረጥ፤ ብዙ አገልግሎቶች፣ ጎግልን ጨምሮ በአብዛኞቹ አገሮች፣ ዕድሜው ከ13 በታች የሆነ ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ በራሱ አካውንት እንዲከፍት አይፈቅዱም። የጋራ ሰነድ ሲከፈትም ሊንኩ የደረሰው ሁሉ ማየት ብቻ ይችላል ወይስ ማረምም ይችላል የሚለው ቅንብር ከመላኩ በፊት መታየት አለበት። የማርክ ሠንጠረዥ «ሊንኩ ያለው ሁሉ» በሚለው ቅንብር ከተላከ የአንዱን ልጅ ውጤት ሁሉም ያየዋል፤ ለልጁ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ትምህርት ቤቱ የትኞቹን መገልገያዎች እንደሚጠቀምና ምን መረጃ እንደሚሰበስብ በአንድ ገጽ ጽፎ ለወላጆች ቢያሳውቅ መልካም ነው፤ እርስዎም ይህን የመጠየቅ መብት አለዎት።

ጥያቄ፦ አንድ መገልገያ ለምደን ጥያቄዎቻችንን ሁሉ እዚያ ካስቀመጥን በኋላ ድርጅቱ አገልግሎቱን ዘጋው። እንደገና ከዜሮ መጀመር አሰልቺ ነው። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ይህ በብዙ መምህራን ላይ ደርሷል። መምህራን የክፍል ገጾቻቸውን ይሠሩበት የነበረው ዊኪስፔስስ እ.ኤ.አ. በ2018 መዘጋት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመሠረተው የመምህራንና የተማሪዎች መገናኛ ኤድሞዶ በ2022 ተዘጋ፤ ጃምቦርድ የተባለው የጎግል የጋራ መጻፊያ ሰሌዳም በ2024 መጨረሻ አበቃ። ነጻ የሆነ አገልግሎት ነገም ይኖራል የሚል ዋስትና የለም።

ስለዚህ የጥያቄዎቻችሁ ዋናው ቅጂ በድረ ገጹ ላይ ሳይሆን በራሳችሁ ፋይል ይኑር። ጥያቄውን፣ አማራጮቹንና መልሱን በየዐምዱ የያዘ አንድ ተራ ሠንጠረዥ ይበቃል፤ ከሠንጠረዡ ወደ የትኛውም መገልገያ መገልበጥ ይቻላል። አዲስ መገልገያ ከመጀመራችሁ በፊት «ያስገባሁትን መልሼ ማውጣት እችላለሁ?» ብላችሁ ፈትሹ፤ ማርኩንና መልሶቹን በሠንጠረዥ መልክ ለማውረድ የማያስችል ከሆነ ሌላ ፈልጉ። በየመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ የማርክ ሠንጠረዦቹን አውርዳችሁ በሁለት ቦታ አስቀምጡ። ፋይሉ የአንድ መምህር ብቻ ሳይሆን የትምህርት ክፍሉ እንዲሆን አድርጉ፤ መምህሩ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ቢዛወር እንኳ ጥያቄዎቹ ለሚተካው ይቀራሉ። በእያንዳንዱ ጥያቄ አጠገብም ተማሪዎች በብዛት የሳቱት አማራጭ የትኛው እንደ ነበረ የሚጻፍበት አንድ ዐምድ ብትጨምሩ፣ በሚቀጥለው ዓመት ያንን ርእስ የሚያስተምረው መምህር የተማሪዎቹን መደናገሪያ አስቀድሞ ዐውቆ ይገባል።